ፈረስ ልትገዙ ነው? ዋጋውን ከጥርሱና ከእግሩ አውጡት

መጀመሪያ የገዛሁት ፈረስ መልኩ ቡላ ነበር። ጋማው ተበጥሯል፣ ሆዱ ሞላ ብሏል፣ ኮርቻው ከሥሩ ከሚነጠፈው ድብዳብ ጋር ተጭኖበታል። ሻጩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ደላላው አፈ ቅቤ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩና እየጎተትኩ ቤት አደረስኩት። ማታ ድብዳቡን ሳነሳ፣ አንገቱ ከጀርባው የሚገጥምበት ጉብታ ላይ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ቁስል ቁጭ ብሏል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቀን አልሠራም፣ እኔ ግን በየቀኑ ገለባና ፉርሽካ እየገዛሁ ቀለብኩት።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ገዝቻለሁ፣ ለዘመድና ለጓደኛም አብሬ ሄጄ አስገዝቻለሁ። እዚህ የምጽፈው በብዛት ስለ ጋሪ ፈረስ ነው፣ በየከተማው ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን ስለሆነ። ለኮርቻ ለሚፈልግም ብዙው ነገር ያው ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። በሬ ሲያረጅ ሥጋ አለው። አድልባችሁ ትሸጡታላችሁ፣ ስለዚህ ዋጋው የሥጋውን ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። ፈረስ ግን እኛ አገር አይበላም። መሥራት ያቆመ ዕለት ዋጋው ባዶ ነው። በየከተማው አስፋልት መሃል ባለቤት አልባ ከሲታ ፈረስ ቆሞ፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋበት እንኳ ሳይነቃነቅ የምናየው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ገበያ ላይ "ይሄማ አንበሳ ነው!" የተባለለት ፈረስ ነበር። ፈረስ ስትገዙ የምትከፍሉት እንግዲህ ለቀሩት የሥራ ዓመታት ነው። ለመልኩም፣ ለሆዱም፣ ለታሪኩም አይደለም። ስንት ዓመት ቀርቶታል? በየዓመቱስ ስንት ያመጣል? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሥር ነው።

ገንዘብ ሳትይዙ ገበያ ውጡ

የመጀመሪያውን የገበያ ቀን ባዶ ኪስ ሂዱ። እውነቴን ነው። ገንዘብ ኪሳችሁ ካለ ዓይናችሁ ላይ ይታያል፣ ደላላ ደግሞ ዓይን ያነባል።

ሻጮችን ዋጋ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፣ የሚጠሩት የምኞታቸውን ነው። የሚጠቅመው ፈረሱ በስንት እንደ ተሸጠ ማወቅ ነው። ይህን የምትሰሙት ገበያው መሃል ሳይሆን መውጫው ጋ፣ ውል የሚጻፍበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነው። እዚያ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚያልፈውን ፈረስ እዩ፣ ገዢውን "እንኳን ደስ አለህ፣ በስንት ሆነልህ?" በሉት። የገዛ ሰው መናገር ይወዳል። አምስት ስድስት ሽያጭ ከነዕድሜውና ከነሁኔታው ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በሚቀጥለው ገበያም ድገሙት። ከዚያ በኋላ ማንም "የዛሬ ገበያ እንዲህ ነው" ብሎ አያሞኛችሁም።

ወቅቱንም አስቡ። ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬው ለማዳበሪያ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ልጅ ለማስመዝገብ ብር ያስፈልገዋል፣ ያኔ የሻጭ እጅ ይላላል። በበዓል ሰሞን ተቃራኒው ነው። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል፣ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ጥር መግቢያ ላይ እዚያ አካባቢ የኮርቻ ፈረስ እገዛለሁ ብትሉ የምትከፍሉት የበዓል ዋጋ ነው። የካቲት ድረስ ታገሡ።

ጥርሱን እዩ

ገበያ ላይ ያለ ፈረስ ሁሉ "ገና ልጅ" ነው። ሰባት ዓመቱ ነው ይሏችኋል። ለምን ሁሌ ሰባት እንደሚሆን አላውቅም፣ ብቻ ሰባት ነው።

ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ። ከንፈሩን በጣታችሁ ግለጡ። የፊት ጥርሶቹ ከላይ 6፣ ከታች 6 ናቸው። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭ፣ ወደ ድዱ ጠበብ ያለ ነው። መሃለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፣ ከእነሱ ጎን ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ ዳርኞቹ በ4 ዓመት ተኩል። 5 ዓመት ሲሆነው አፉ ሙሉ ነው።

ከ5 በኋላ የሚታየው የጥርሱ አናት ነው። ልጓም የሚያርፍበት፣ ጥርስ የሌለበት ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ ምላሱን ወደ ጎን ስትይዙት አፉን ይከፍታል። የታችኞቹን ጥርሶች አናት እዩ። መሃላቸው ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ። መሃለኞቹ ላይ ያለው በ6 ዓመት ገደማ ተበልቶ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ያሉት በ7፣ ዳርኞቹ በ8። ሁሉም ከጠፋ ፈረሱ 8ን አልፏል። ከላይ ዳር ያለው ጥርስ ላይ ደግሞ ከ10 ዓመት ጀምሮ ከድዱ ሥር ቡናማ ቦይ መውጣት ይጀምራል። በ15 የጥርሱን ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ጥርሶቹ ከጎን ሲታዩ ወደ ፊት ካሾለኩም አርጅቷል ማለት ነው። የልጅ ፈረስ ጥርስ ቀጥ ብሎ ይገጥማል።

አሸዋማ መሬት ላይ አጭር ሣር የሚግጥ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ይበላል፣ ስለዚህ ከ8 በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ችግር የለውም። በ7 እና በ14 መካከል ያለውን ልዩነት እስካወቃችሁ ድረስ ዋናውን ገንዘብ አትርፋችኋል።

ኮርቻውን አውርዱልኝ በሉ

እኔን የጎዳኝ ይህን አለማለቴ ነው። ኮርቻ፣ ድብዳብ፣ የጋሪው ቀበቶ፣ የዓይን መከለያው ሳይቀር ሁሉም ይውረድ። "አይፈቅድም፣ ይደነብራል" ካሉ መልሱን ነግረዋችኋል፣ ቻው በሏቸው።

ከዚያ በእጃችሁ ዳስሱት። ጀርባውን፣ ደረቱን፣ ጭራው ሥር ያለውን ቦታ። ጥሬ ቁስል ለማንም ይታያል። ብልህ ሰው የሚፈልገው ነጭ ፀጉር ነው። ቁስል ድኖ ሲያበቃ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ዳማ ፈረስ ጀርባው ላይ የነጭ ነጠብጣብ ከተደረደረ፣ ያ ማስታወሻ ደብተሩ ነው፣ ስንት ዓመት በመጥፎ ዕቃ እንደ ሠራ ይነግራችኋል። ከላይ የተላጠ ቁስል ይድናል፣ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት። ጉብታው ላይ ገብቶ የሚመግል ጥልቅ ቁስል ግን አይነካ።

ዓይኑን ለማየት ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ዓይኑ አቅርቡ። በመዳፍ አታድርጉት፤ ነፋሱ ስለሚሰማው ዕውሩም ይርገበገባል። የጋሪ ፈረስ መከለያ ስለሚያደርግ አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ገዝቶ ወር ሙሉ ያላወቀ ሰው አውቃለሁ።

ከሲታ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ይሄ የግሌ አስተያየት ነው፦ ገበያ ላይ ያለው ትልቁ ርካሽ ነገር ልጅ፣ እግሩ ደህና፣ ግን የከሳ ፈረስ ነው። ባለቤቱ አላበላውም፣ የሆድ ትልም መድኃኒትም አልሰጠውም። ሁለት ሦስት ወር ብታበሉት ሌላ ፈረስ ይሆናል። ለገበያ ተብሎ የሰባ ሽማግሌ ፈረስ ግን በየቀኑ ወደ ታች ነው።

እግሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ

አበሻ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል። የሚያደርሰው ግን እግር ካለው ነው። ከጠቅላላው ጊዜያችሁ ግማሹን እዚህ አጥፉ።

አራቱንም እግር አንድ በአንድ አንሱ። ሰኮናው ተሰንጥቋል? ሥሩ ይሸታል? አንዱ ከሌላው ይሞቃል? በትንሽ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ እግሩን ከነጠቀ የሚያመው ነገር አለ። ሰኮናው ረዝሞ መጣመሙ ብቻ ከሆነ የሚያስተካክል ባለሙያ አለ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከጉልበቱ በታች የሚወርደውን ጅማት በሁለት ጣት እየጨመቃችሁ ውረዱ። እንደ ገመድ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የወፈረ፣ የሞቀ ወይም የሚያመው ከሆነ ሸክም ሲጨመርበት ያነክሳል።

ቀጥሎ አስኬዱት። ጠንካራ መሬት ላይ፣ ገመዱን ለቀቅ አድርጎ አንድ ልጅ በሶምሶማ ይሳበው። እናንተ ራሱን ተመልከቱ። የሚያመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጤነኛው ሲነካ ወደ ታች ይወርዳል። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ዳሌውን እዩ፣ በአንዱ በኩል ብድግ እያለ ከፍ ይላል። ከዚያ በጠባብ ክብ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዙር። ጋልቦ ሲሄድ ያማረ ፈረስ ሁሉ በሶምሶማ አያምርም፣ ሻጭም "ላስጋልበው?" የሚለው ለዚህ ነው። በግልቢያ ማነከስ አይለይም። "አይ፣ ሶምሶማ ይበቃኛል" በሉ።

ከተቻለ በማግስቱ ቤታቸው ሄዳችሁ ድገሙት። ጠዋት የሕመም ማስታገሻ መርፌ የተወጋ ፈረስ ያን ቀን ላያነክስ ይችላል።

ሥራ ላይ ፈትኑት

ቆሞ ሳለ ጎኑን እያያችሁ በስልካችሁ ሰዓት ትንፋሹን ቁጠሩ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ይተነፍሳል። ከዚያ ጋሪ ይታጠቅ፣ ሰው ይጫን፣ ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ሩብ ሰዓት ይሂድ። ሲቆም ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ አይቀርም፣ የምታዩት ትንፋሹ እስኪረጋ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት ነው። አሥር ደቂቃ ቆይቶም ጎኑ እንደ ወናፍ ከተነፋፋ፣ ወይም ካሳለ፣ ዋጋ መነጋገርም አያስፈልግ።

ጠባዩንም እዚያው ታዩታላችሁ። ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ምን ያደርጋል? የገጠር ፈረስ ከተማ ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነው። ሥራ የለመደ ፈረስ ትንሽ ቢወደድም የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደኋላ የማይባልበት በሽታ

እግሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እባጭ ካያችሁ፣ አንዳንዱም ፈንድቶ መግል የሚያወጣ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ንድፍት ይለዋል፣ በኦሮምኛ ቢቼ። ፈንገስ ነው፣ በቁስልና በጋራ ዕቃ ወደ ሌላ ፈረስ ይተላለፋል፣ ከፋ ካለ ማዳኑ ጭንቅ ነው። "ሽቦ ቧጭሮት ነው" ይሏችኋል። ሽቦ በመስመር እባጭ አይደረድርም።

ሌላው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ጥቃቅን ነካሽ ትንኞች ያዛምቱታል፣ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ብዙ ፈረስ ይፈጃል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ከሞላ ተጠንቀቁ። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ጥርጣሬ ካላችሁ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጥቂት ብር ከፍላችሁ አሳዩት፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው አለላችሁ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የራሳችሁን ከተማ አስገቡ።

ጋሪው በቀን 600 ብር ያስገባል እንበል። ቀለብ 200፣ የጋሪ ጥገና 50፣ የነጂ ድካም 250 ብላችሁ ቀንሱ። ነጂው እናንተ ብትሆኑም ቀንሱ፣ ጉልበታችሁ ነፃ አይደለም። 100 ብር ቀረ፣ ይህ ፈረሱ የሚያመጣው ነው። ሕመም፣ ዝናብና በዓል ተቀንሶ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 20 ሺህ ብር።

ፈረሱ 7 ዓመቱ ከሆነና ከተማ ውስጥ 4 ዓመት ይሠራል ብላችሁ ካመናችሁ 80 ሺህ ይሆናል። ያን ግን አትከፍሉም። ሊሞት ይችላል፣ ሊሰበር ይችላል፣ ከተማው ጋሪን ከዋና መንገድ ሊያስወጣ ይችላል፣ ባጃጅ ሊበዛ ይችላል። እኔ ግማሹን ነው የምወስደው፣ 40 ሺህ። ይህ ጣሪያዬ ነው። ያው ፈረስ 12 ዓመቱ ቢሆንና ከአንድ ዓመት በላይ ባልጠብቅበት፣ ጣሪያዬ 10 ሺህ ነው። ገበያ ላይ የሁለቱ የተጠራ ዋጋ ልዩነት ግን አምስት ስድስት ሺህ ብር ብቻ ሊሆን ይችላል! ጥርስ ማየት የሚከፍለው እዚህ ጋ ነው።

ቀለቡን በግምት አትሙሉት። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን። የደረቱን ሴንቲ ሜትር በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 125 የሆነ ፈረስ 221 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 2.5 ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፣ ማለትም ይሄኛው 5 ኪሎ አካባቢ። ትልቅ ፈረስ ያምራል፣ ግን በየቀኑ ብዙ ይበላል።

ባዝራ ከሆነች ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። በቅሎ የሚያስወልድ አካባቢ ከሆናችሁ የማህፀኗም ዋጋ አለ። "እርጉዝ ናት" ለሚለው ግን ሐኪም ካላረጋገጠ አንድ ብር አትጨምሩ። ፈረስ 11 ወር ነው የምትሸከመው፣ ቃሉ ውሸት መሆኑን የምታውቁት ከርሞ ነው።

ቀለም? አምባላይ ለበዓል ይወደዳል፣ ለሚጋልብበት ሰው ያ ዋጋ አለው። ጋሪ ለመጎተት ግን ጉራቻም ያው፣ ቦቃም ያው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን ፈረስ ፊት ስንቆም ልባችን ይቀልጣል። ደላላው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።

ክርክሩ

ደላላ የማን ወገን ነው? የሽያጩ። ሽያጩ ካልተፈጸመ የድለላ ብር የለም። ይህን ካወቃችሁ አትጣሉትም፣ ግን አታምኑትም።

ፈረሱን አታንቋሹ። ያሳደገ ሰው ይከፋዋል፣ ከተከፋ ደግሞ እልህ ይገባል። ጉድለቱን በአክብሮት፣ በብር አስሉት። አንዴ ለጓደኛዬ ፈረስ ላስገዛ ሄጄ አንድ አባት 38 ሺህ ብለው ድርቅ አሉብኝ።

"አባቴ፣ ፈረሱስ ግሩም ነው። ግን አሥርን አልፏል።"

"ማን አለህ?"

"እሱ ራሱ ነገረኝ" አልኩና ከንፈሩን ገለጥኩ፣ ቡናማው ቦይ ብቅ ብሏል።

ሳቁ። እዚያው 4 ሺህ ወረዱ፣ በኋላም ሌላ ወረዱ። በጓደኛዬ ሒሳብ ግን አሁንም ከጣሪያው በላይ ስለነበር ተጨባብጠን ተለያየን። የራሳችሁን ጣሪያ ከቤት ስትወጡ ወረቀት ላይ ጻፉት። ደላላው እጃችሁን ይዞ ከሻጩ እጅ ጋር ሲያገጣጥምና "ባንተ ይሁን፣ ባንተ ይሁን" ሲል ጭንቅላት አይሠራም፣ ወረቀት ግን ይሠራል። መጨረሻ ላይ የቀረች ትንሽ ልዩነት ካለች በብር አትከራከሩ፣ "ልጓሙንና ገመዱን መርቁልኝ" በሉ።

ዋስና ውል

የተሰረቀ ፈረስ በርካሽ ይሸጣል። ከገበያው ዋጋ በጣም የወረደ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። ሻጩን የሚያውቅ፣ እናንተም የምታገኙት ዋስ ይቅረብ። የሻጩን መታወቂያ በስልካችሁ አንሱ። ውሉ ላይ ቀለሙ፣ ምልክቱ፣ ጾታውና የተነገራችሁ ዕድሜ ይጻፍ፣ የቀረጡም ደረሰኝ ይያያዝ። ሁለት ሦስት ምስክር ይፈርም።

አንድ መስመር ጨምሩ፦ በ7 ቀን ውስጥ ቢያነክስ ወይም የተደበቀ ሕመም ቢገኝበት ብሩ ይመለሳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊነት አለበት፣ ግን ያልተጻፈ ነገር ይዞ ሽማግሌ ፊት መቆም አድካሚ ነው። ያችን መስመር አልፈርምም ያለ ሻጭ ፈረሱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ቤት ከገባ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሌሎች ፈረሶች ለይታችሁ እሰሩት። ትል መድኃኒትና ክትባት አስጀምሩት። መኖውን በአንድ ቀን አትቀይሩበት፣ በተለይ ከሣር ወደ ገብስ፣ ቁርጠት ይይዘዋል፣ ቁርጠት ደግሞ ፈረስ ይገድላል። የድሮውን ፈረስ ልጓምና ድብዳብ ለእሱ አታልብሱ። አዲስ ድብዳብ ስፉለት፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ይወጣል።